የደንባራ ፍየል ግልገሎችን ማላመድ

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ አካባቢ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። ከባቲ የሰኞ ገበያ ያረገዘች የአፋር ፍየል ገዝቼ፣ መንታ ከወለደች አሥር ቀን ሆናት። ሰው ወደ ጋጣው ሲገባ ግድግዳውን ለመዝለል ትሞክራለች፤ ግልገሎቹም እሷን ተከትለው ይሸሻሉ። ሴቷን ግልገል ወደፊት ላልባት ስለማስብ ከአሁኑ እንድትለምደኝ እፈልጋለሁ። ከእናታቸው ነጥዬ በጡጦ ባሳድጋቸው ይሻል ይሆን?

መልስ፦ በጡጦ ያደገ ግልገል ሰውን በቀላሉ እንደሚለምድ አይካድም፤ ሆኖም እናቲቱ ጤነኛ ሆና እያጠባች ከሆነ እንዲነጥሏቸው አልመክርም። ጡጦ በቀን አራት አምስት ጊዜ ለብ ያለ ወተት ማቅረብንና ዕቃውን በየጊዜው በፈላ ውኃ ማጠብን ይጠይቃል፤ ንጽሕናው በተጓደለ ጊዜ የሚከተለው ተቅማጥ ትንሽ ግልገልን ፈጥኖ ይገድላል። ደግሞስ ወተቱ ያችኑ ደንባራ እናት ካልታለበች ከየት ይመጣል?

ግልገሎቹ የሚፈራውንና የማይፈራውን በአብዛኛው የሚለዩት እናታቸውን እያዩ ስለሆነ ሥራው ከእሷ ይጀምራል። የአፋር አርብቶ አደሮች ፍየሎቻቸውን የሚያልቡ በመሆናቸው ይህች ፍየል ባዳ የሆነባት የሰው እጅ ሳይሆን የእርስዎ እጅና የእርስዎ ግቢ ሊሆን ይችላል፤ ከመንጋዋ ተነጥላ፣ በገበያ ግርግር ውላ፣ ተጓጉዛ የመጣች እንስሳ ናት። ፍየል ብቻዋን ስትሆን ይበልጥ ትበረግጋለችና ሌላ የተረጋጋች ፍየል ካለዎት እንድትታያት አድርገው በአቅራቢያዋ ይሰሯት። ውሻ ከጋጣው ይራቅ፤ ልጆችም እየጮኹ አይግቡ፤ አለዚያ «ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮላት» የሚባለው ይደርሳል።

ከዚህ በፊት ግን ጡቷን ከሩቅም ቢሆን ይመልከቱ። አንደኛው ጎን ካበጠና ከቀላ፣ ወይም ግልገሎቹ ሊጠቡ ሲጠጉ ከረገጠቻቸው፣ ችግሩ ድንጋጤ ሳይሆን የጡት በሽታ ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥሩ። በግልገሎቹም በኩል ጀርባውን አጉብጦ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ፣ አፉ ቀዝቅዞ በአንድ ጥግ የሚቆም ካለ ለማዳ ሆነ ብለው አይደሰቱ፤ የተራበ ወይም የታመመ ነው።

ጤናቸው ከተረጋገጠ አንድ ሰው ብቻ፣ ጠዋትና ማታ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ጥቂት ፍሩሽካ ወይም የግራር ፍሬ ይዞ ይግባ። መጠኑ ከእፍኝ አይብለጥ፤ ያልለመደችውን ጥራጥሬ በአንድ ጊዜ ብዙ ከሰጧት ሆዷ ይታወካል። አሞሌ ጨው ካለዎትም ትወደዋለች። ምግቡን አስቀምጠው እርስዎ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ፊትዎን ሳይሆን ጎንዎን ወደ እርሷ አዙረው ይቀመጡ፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ዓይን ዓይኗን ማየት የአውሬ አመጣጥ ይመስላታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እርስዎ እስኪወጡ ድረስ ላትበላ ትችላለች፤ አይከተሏት። እርስዎ ተቀምጠው ሳለ መብላት ስትጀምር ዕቃውን በየቀኑ በትንሹ ወደ ራስዎ ያስጠጉት።

ግልገሎቹ ከእናታቸው ቀድመው እንደሚመጡ ይጠብቁ። ግልገል ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ካየ ያሸታል፤ የጋቢዎን ጫፍ ያኝካል፤ ትከሻዎ ላይም ለመውጣት ይሞክራል። በዚህ ጊዜ እጅዎን ከላይ ወደ ራሱ አይስደዱ፤ ከታች አምጥተው ደረቱንና የአንገቱን ሥር በቀስታ ይከኩለት፤ ገና ሳይሰለች ደግሞ እጅዎን ይሰብስቡ። ትልቁ ጥፋት በእግሩ ወይም በጆሮው መያዝ ነው፤ የሚያሰማው ጩኸት እናቲቱን ያስበረግጋል፤ የብዙ ቀን ልፋትዎም በዚያችው ቅጽበት ይጠፋል። ክትባትና የትላትል መድኃኒት በሚሰጥበት ቀንም ያዡ ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል።

ግልገሎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲሞላቸው ቅጠልና ሣር መቆረጣጠም ይጀምራሉ። ያኔ ከጋጣው አንዱን ጥግ በአጣና ከልለው እነሱን የሚያሾልክ፣ እናቲቱን ግን የማያሳልፍ ክፍተት ይተዉ። እዚያ ለስላሳ ድርቆሽና ጥቂት ፍሩሽካ ካገኙ በፈቃዳቸው እየገቡ ይለምዳሉ፤ እናቲቱ በአጣናው በኩል ስለምታያቸው አትጮኽም፤ እርስዎም የእሷ ድንጋጤ ሳይጋባባቸው ሊደባብሷቸው ይችላሉ። ጡት ማስጣሉ ግን ሦስት ወር ገደማ እስኪሆናቸው ይቆይ።

ሴቷን ግልገል ለአለባ ካሰቧት፣ እጅዎን ከለመደች በኋላ ጀርባዋን፣ ሆዷን፣ የኋላ እግሮቿንና በመጨረሻ የጡቷን አካባቢ መዳሰስ ያስለምዷት። ከነካኳቸው በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ከፍየል ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች ስላሉ እናቲቱ ስትታለብም ወተቱ ሳይፈላ ለልጆች አይሰጥ።

ሁለተኛው ግልገል ወንድ ከሆነ ልጆች ግንባሩን እየገፉ እንዳያጫውቱት ያስጠንቅቁ፤ ዛሬ የሚያስቀው ጨዋታ ቀንድ ሲያበቅል ሰው መውጋት ይሆናል። ደንባራነት በከፊል በዘር ሊወረስ ስለሚችልም ለአውራነት ባያስቀሩትና ሲደርስ ቢሸጡት እመርጣለሁ።