የኔታን ጠይቁ፦ ሥር ያለው እምነት

የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ልጆች ዛሬ ማታ በግሩፓችን የኔታን ይዘናል፤ በጽሑፍ ይመልሱልናል። ዳዊት ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የኔታ፣ በመንፈሳዊ ሕይወቴ እንዴት ልጠንክር?

የኔታ፦ በምኑ? በጸሎት? በጾም? በምጽዋት? ለይተህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ በሌሊት ወጥቼ በሌሊት ነው የምገባው። ቀኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያልቃል። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት እንዴት ላድርስ?

የኔታ፦ ይሄ ጥያቄ ነው። በሰባቱ አትጀምር። ነግህንና ንዋምን ያዝ፤ ስትነሣና ስትተኛ። አቡነ ዘበሰማያት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ከዚያ ዳዊት። አባቶች ዳዊቱን ለየዕለቱ ከፍለውልናል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ይሄዳል። ይከብደኛል? አንድ መዝሙር በል፣ ግን በየቀኑ። 150ው በአምስት ወር ያልቃል።

በማቴዎስ 13 በጭንጫ ላይ የወደቀውን ዘር አስቡ። ቶሎ በቀለ፤ ሥር ስላልነበረው ፀሐይ ሲወጣ ደረቀ። ልብ በሉ፣ ያ ሰው ቃሉን በደስታ ነው የተቀበለው። ደስታ አልጎደለውም! ዛሬም ጉባኤ ላይ ሲያለቅስና ሲያጨበጭብ አምሽቶ ሰኞ ጠዋት ዳዊቱን የማይከፍት ሞልቷል። በቴሌግራም አሥር ሰባኪ ይከታተላል፤ ከአንዱ ጋር እንኳ ቁጭ ብሎ አልተማረም። ደግሞ ልኩን የንስሐ አባትህ ይወስኑልህ። ለራስህ ሕግ አታውጣ።

ጥያቄ፦ በጾም ዓሣ ይበላል?

የኔታ፦ አይበላም። ቀጥሉ።

አንድ አባል፦ እነ አጎቴ ባሕር ዳር ይበላሉ እኮ።

ሌላ አባል፦ አጎትህ ቀኖና ናቸው እንዴ?

አንድ አባል፦ ስድብ ምን አመጣው? ከውኃ የወጣ ሥጋ አይባልም ነው ያልኩት።

ሌላ አባል፦ ታዲያ ምን ይባላል፣ ጎመን?

የኔታ፦ 55ቱን ቀን የዐቢይ ጾም ስለ ዓሣ ስታወሩ ጨርሱት! ምላሱን ስለ መጾም የጠየቀኝ የለም።

ጥያቄ፦ ስጸልይ ጥርጣሬ ይመጣብኛል። እምነቴ ጠፍቶ ይሆን?

የኔታ፦ አልጠፋም። በማርቆስ 9 የታመመው ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ጌታም ልጁን ፈወሰለት። አንቺም ይህንኑ በዪ፤ ጸሎቱን ግን አታቋርጪ። ለንስሐ አባትሽም ንገሪ።

ጥያቄ፦ ንስሐ አባት የለኝም። የድሮ ሰፈር ቀሩ።

የኔታ፦ ቤቱን ስትረከብ ስለ ቆጣሪ፣ ስለ ውኃ ጠይቀህ ነበር አይደል? በአቅራቢያህ ወዳለው አጥቢያ ሂድ፣ በሰበካ ጉባኤው ተመዝገብ፣ ካህን ይመድቡልኝ በል። ዛሬ ስንቴ ልናገር፣ ያለ ንስሐ አባት አይሆንም!

ጥያቄ፦ እንጦጦ ጠበል እየሄድኩ ነው። አንድ ሰው የሐኪም መድኃኒትህን ተው አለኝ።

የኔታ፦ አትስማው። ተጠመቅ፣ መድኃኒትህንም ዋጥ።

ጥያቄ፦ የኔታ፣ አሁን ነው የገባሁት። በእምነት መጠንከር የሚቻለው እንዴት ነው?

የኔታ፦ ከላይ አለልሽ፣ አንብቢ።

አንድ አባል፦ የኔታ፣ የዓሣውን ነገር ግን...

የኔታ፦ ደኅና እደሩ።