ፍርዱ ከተጻፈ በኋላ ያለው ሥራ

ልጆቼ፣ ድሬዳዋ ውስጥ በፍርድ ቤት፣ በዐቃቤ ሕግነት ወይም በማኅበራዊ ሠራተኛነት ለጀመራችሁ ነው የምጽፈው።

ለእስር አማራጭ የሚሆን ሕግ አላጣንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 103 ለቀላል ጥፋት ከአንድ ቀን እስከ ስድስት ወር የግዴታ ሥራ ይፈቅዳል፤ ከጥፋተኛው ገቢ የሚቆረጠውም ከሲሶ አይበልጥም። ቅጣት ሲገደብ፣ ማለትም ጥፋተኛው ሳይታሰር ጠባዩ እንዲታይ ሲለቀቅ፣ የፈተናው ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው። የጎደለን የሚከታተል ሰው ነው። ዳኛው ብዙ ጊዜ እስርን የሚመርጠው ውጭ የለቀቀው ሰው ምን ላይ እንደደረሰ የሚነግረው ስለማያገኝ ነው፤ በዚህ አልፈርድበትም።

ስለዚህ ትእዛዙ በዝርዝር ይጻፍ። «የሕዝብ ሥራ ይሥራ» ብቻ ከተባለ ቀበሌው ምን እንደሚያሠራው ግራ ይገባዋል፤ ሰውየውም ሁለት ቀን ተመላልሶ ይቀራል። ቦታው፣ የሥራው ዓይነት፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የሚቆጣጠረው ሰው ስም ይግባበት። ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ተናጋሪ ከሆነ በቋንቋው ይነበብለት።

ደመወዝተኛ ባለበት ሥራ ላይ ሆኖ ይቆረጥበታል። ቀፊራ ገበያ ጭነት የሚያወርድ ሰው ግን የደመወዝ መዝገብ የለውም፤ የሕዝብ ሥራ ላይ ይመደባል። ሙሉ ቀን ከያዛችሁት ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ፣ እሱም ይጠፋል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ብትሉት ግን ከፀሐዩም ይድናል፣ እንጀራውንም አያጣም። ከክረምት በፊት ወደ ደቻቱ ወንዝ የሚወርዱ ቦዮችን መጥረግ ጥሩ ሥራ ነው፤ የ1998ን ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው ዋጋውን ያውቃል። ብቻ መለያ ልብስ አታልብሱት። ያፈረ ሰው አገር ጥሎ ይሄዳል።

የመገኘት ቅጹ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ በእጁ ይቆይ። ፊርማው በዕለቱ ይፈረም፤ በወር መጨረሻ ተጠራቅሞ የሚፈረም ቅጽ ማስረጃ አይሆንም። አንድ ቀን ሲቀር በማግሥቱ ቤቱ ሂዱ፤ ታሞ ወይም ለቅሶ ላይ ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡት፣ በሦስተኛው ለፍርድ ቤቱ አስታውቁ። ወር ሙሉ ዝም ብሎ ቆይቶ በድንገት «አልፈጸመም» ብሎ መጻፍ ሰውየውንም፣ አማራጩንም ይጎዳል።

የተበዳዩ ካሳ ተከፋፍሎ ይከፈል፣ ደረሰኙም ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ። እድሩና አፎቻው (እንደ እድር ያለው የአካባቢው መረዳጃ ማኅበር) ክትትሉን ያግዙ፤ ሰውየውን ከእናንተ በላይ ያውቁታል። ፍርድ ግን የእነሱ አይደለም። ሚስቱን የደበደበን ሰው በሽምግልና ስም ወደዚያው ቤት መመለስን አልቀበልም። ሴትዮዋን ሽማግሌዎች በሌሉበት ለብቻዋ ጠይቁ፣ መልሷን በራሷ ቃል መዝግቡ፣ ቢዝትባት የምትደውልበትን ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ስጧት።