ሐዘን ላይ ሆኖ ተራራ ማየት ነውር ነው?

እህቴ፣ በመጀመሪያ ፈጣሪ ያጽናችሁ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አባታችሁን ለመቅበር ቤተሰቡ በሙሉ በመኪና ረጅም መንገድ ልትሄዱ ነው። መንገዱ ተራራ ለተራራ ነው። አንቺ ደግሞ ተራራ ስታዪ ልብሽ ይረጋል። ግን «አባቴ ሞቶ እኔ መስኮት ላይ ተንጠልጥዬ ተራራ ሳደንቅ ሰው ምን ይለኛል?» ብለሽ ተጨንቀሻል።

እዪው። ምንም ነውር የለውም።

ይህን የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሲያርፍ እናቴ፣ እህቴ፣ ትንሹ የወንድሜ ልጅና እኔ በአንድ መኪና ሄድን። ሜዳው ላይ ማንም ትንፍሽ አላለም። ዳገቱ ሲጀምር እናቴ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። ትንፋሿ መስታወቱን ሲሸፍነው በእጅጌዋ ጠረግ ታደርገዋለች። ደግሞ ይሸፍነዋል፣ ደግሞ ትጠርጋለች። መርዶውን ከሰማች ወዲህ አንድ ነገር ለማየት ስትፈልግ ያየኋት ያኔ ነው።

ልጁ ደግሞ «አጎቴ፣ የቅርቡ ተራራ አረንጓዴ ሆኖ የሩቁ ለምን ሰማያዊ ሆነ?» አለኝ። እኛና የሩቁ ተራራ መሃል ብዙ አየር አለ፣ አየሩ ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ሰማያዊውን ከቀዩ አብልጦ ይበትነዋል፣ ስለዚህ በራቀ ቁጥር ሰማያዊ ይመስላል፣ ብዬ አስረዳሁት። ዝም ብሎ አየ። ከዚያ «ከሱ ኋላ ያለውስ? ከዚያ ኋላስ?» እያለ ቀጠለ። እናቴ ከመስታወቱ ሳትዞር «አባትህም ልጅ ሳለ እንዲሁ ነበር፤ ጥያቄው አያልቅም» አለችው። የልጇን ነገር ሳታለቅስ አነሳች። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ብዙ አወራን። ወንድሜ ሲሞት የሆነውን ሳይሆን በሕይወት ሳለ የነበረውን።

ተራራው ሐዘናችንን አልቀነሰውም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀብሩ ላይ ያው እንደ አዲስ ፈረስን። መንገድ ላይ ግን ዓይናችን የሚያርፍበት አገኘ፤ መኪና ውስጥ እርስ በርስ ፊት ለፊት ተያይቶ ማውራት ያቃተን ነገር፣ ወደ አንድ አቅጣጫ እያየን ሲሆን ወጣ። ለእኔ መጽናናት ማለት ይሄ ነበር።

ይህ የእኛ ስሜት ብቻ አይደለም። ሮጀር ኡልሪች የሚባል ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ። የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ታካሚዎች አነጻጸረ። በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት፣ የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ። ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ሐዘን ቀዶ ሕክምና አይደለም፤ ግን ዓይን የሚያርፍበት ነገር ለታመመ ሰው ይህን ያህል ከረዳ፣ ላዘነ ሰው አይረዳም ለማለት ይከብደኛል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ማንንም «ተመልከቱ፣ እንዴት ያምራል!» አትበዪ። የኔ እህት መንገዱን ሁሉ ዓይኗን ጨፍና ነው የሄደችው። ለእሷ ማማሩ ራሱ ያማት ነበር፤ «እሱ ሳያየው» አለችኝ በኋላ። ልክ ናት። ማንም አልነካካትም። ያዘነ ሰው እንዲጽናና ሲገፋ የባሰ ይዘጋል። ፎቶም ቢሆን ለራስሽ አንሺ፣ ግን ቀብሩ ሳያልፍ የትም አትለጥፊው። ሰው በነገር ይወጋሻል፣ አሁን ደግሞ ለዚያ አቅም የለሽም።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ካለፋችሁ ደግሞ ከፍታውን ያልለመደ ሰው ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸው፣ እንቅልፍ ሊነሳው ይችላል። ያለቀሰ፣ ምግብ ያልቀመሰ ሰውም እንዲሁ ይሆናል፤ ስለዚህ ሁሉንም በሐዘን አታሳብቡ። እናትሽ ራሷን ካመማት ውኃ ስጧት፣ አሳርፏት፤ ከባሰባት ወደ ታች ውረዱ። ትንፋሽ ካጠራት ወይም ንግግሯ ከተምታታ ጊዜ አትፍጁ፣ ወዲያው ወደ ሐኪም። ልብስም ያዙ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ታች በሸሚዝ የነበረ ሰው ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል።

ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ሰው መሪ አይያዝ። ከቤተሰቡ ውጪ የሆነ፣ ሌሊቱን በደንብ ተኝቶ ያደረ ሹፌር ፈልጉ። ከመነሳታችሁ በፊትም ብቻውን ጠርተሽ አናግሪው፤ መንገዱ ሰፋ ባለበትና ከጠርዙ በራቀ ቦታ አንዴ እንዲያቆም። ማቆሙን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግሽም። መውረድ የፈለገ ይውረድ። እናትሽ ካልወረደች አጠገቧ ቁጭ በዪ፤ መስኮቱን በእሷ በኩል ክፈቺላት።