መልስ፦ በአፍ ብቻ ከጠመንጃ ማምለጥ
"ሰላይ መሣሪያ የደገነበትን ሰው በአፉ ብቻ ሊያመልጥ ይችላል ወይ?" ላልከው፣ አዎ፣ ይችላል። እዚህ ጅማ አያቴ የምትነግረን አለ። በጣሊያን ጊዜ ነው፣ ከ1928 እስከ 1933 ባለው። እናቷ የውስጥ አርበኞችን ደብዳቤ አንቀልባው ውስጥ ሸጉጣ፣ ልጅ አዝላ ከጅሬን ወደ ሂርማታ ገበያ ትወርዳለች። አንድ ባንዳ ጠመንጃውን ደግኖ "ፍቺው!" አላት። እሷ እቴ! ራሷ መፍታት ጀመረች።

"ጎሽ ወንድሜ፣ እስቲ ያዝልኝ። ፈንጣጣ ይዞት ሌሊቱን አላስተኛኝም።"

የልጁ ፊት በቁንጫ ንክሻ ነጠብጣብ ብሏል። ሰውዬው ሦስት እርምጃ ወደኋላ! "ሂጂ፣ ሂጂልኝ!"

ልብ በል፣ አልሮጠችም፣ አልለመነችም። ጭራሽ ና ቅረብ አለችው። ፊልም ላይ ሽጉጡን በካልቾ የሚያስጥሉትን ግን ተወው።