ሐና ማርያምን በየትኛው «ሀ» እንመዝግባት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምሠራው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከሌሎች ቅርንጫፎች ጋር በምንጋራው የኔትወርክ መዝገብ ውስጥ እያንዳንዱን መሣሪያ በቆመበት ሰፈር ስም እንሰይማለን። አንዱ «ሐና ማርያም»፣ ሌላው «ሃና ማርያም» ብሎ ስለጻፈ አንድ መሣሪያ ሁለት ሆኖ ተገኘ። ሞክሼ ፊደላትን፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው የተለያየውን፣ እስከነጭራሹ ብንተዋቸው ምን ይጎዳናል?

መልስ፦ ብዙ ይጎዳናል፤ ችግርዎ ግን እውነተኛ ነው። የእኛ ጆሮ «ሐ»ን ከ«ሃ» አይለይም። ኮምፒውተር ደግሞ ጆሮ የለውም፤ የሚያየው ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 ላይ ይገኛሉ፤ ራብዖቻቸው ሃ፣ ሓ፣ ኃ በ1203፣ በ1213 እና በ1283 ተቀምጠዋል። በአማርኛ የስድስቱም ድምፅ አንድ ስለሆነ ያ መሣሪያ በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ስድስት ጊዜ ሊመዘገብ ይችላል። በሁለቱ ቃላት መካከል አንዱ ክፍት ቦታ፣ ሌላው ሁለት ነጥብ፣ ሦስተኛው ጭረት ካስገባ አሥራ ስምንት ይደርሳል።

ቢሆንም ፊደላቱን አትጣሏቸው ብዬ እለምናለሁ። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ነው፣ ለፀሐይ ይነገራል፤ «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ለመነ። ይህን ከጽሑፋችን ካጠፋነው ልጆቻችን የቃሉን ዘር የሚያዩበት መስኮት ይዘጋል።

ስለዚህ በመዝገባችሁ ሁለት ዓምድ ይኑር። አንዱ ሰው የሚያነበው ስም ነው፤ በሥርወ ቃሉ ይጻፍ፦ ሐና ማርያም፣ ዓለም ባንክ (ሰፈሩ)። ሁለተኛው መለያ ነው፤ እዚያ «ሐ» እና «ኀ» ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ በየቤታቸው ይመለሱ፣ ሃ ራሱ ሀ፣ «ዓ» እና «ኣ» ደግሞ አ ይሁኑ። «ሀና-ማርያም-02» እንደማለት ነው። ፍለጋውም ሆነ ድግግሞሽን መከልከሉ በዚህ ዓምድ ይሠራ። የመሣሪያውን ቁጥር በሁለት አኃዝ ጻፉ፤ አለዚያ በጽሑፍ ቅደም ተከተል 10 ከ2 ይቀድማል።

የአፋን ኦሮሞ ስሞች የግእዝ ዘር አይፈለግላቸውም። ቱሉ ዲምቱ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ሰበታንና ሱሉልታን በ«ሠ» የሚጽፉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ምክንያት የለውም፣ በ«ሰ» ይጻፉ። «ለገ» ወንዝ ስለሆነ «ለገ ጣፎ» ብሎ መነጠልም አያስወቅስም፤ በመለያው ግን ሁሉም ሰው አጣምሮ «ለገጣፎ» ይበል።