ማር ያለ ማሽን ማጣራት
ወንድሜ፣ «ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ከቀፎ የቆረጥኩትን ማር ማሽን ሳልገዛ እንዴት ላጥራው?» ላልከው፣ ማሽኑን እርሳው። ንጹሕ ባልዲ፣ የወጥ ቤት ወንፊትና ነጭ ናይለን ጨርቅ ይበቃሃል። ሻሽ ግን ይቅርብህ፣ ክሩ ማሩ ውስጥ ይቀራል።

መጀመሪያ እጭ ያለበትን የማር እንጀራ ለይተህ አውጣ። የቀረውን ሰባብረህ በወንፊት አሳልፈው፣ ከዚያ በጨርቁ። ጨርቁ ደረቅ ይሁን፣ ውሃ የገባበት ማር ይቦካል። አትጭመቀው፣ በራሱ ይንጠብጠብ።

ዋናው ችግርህ ብርዱ ነው። እኛ ደጋ ላይ ማር ቶሎ ይረጋል፣ የረጋ ማር ደግሞ በጨርቅ አያልፍም። እሳት ላይ ግን እንዳትጥደው፣ በማርያም! ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው፤ ውሃው እጅ የማያቃጥል፣ ከ40 ዲግሪ ብዙም ያላለፈ ይሁን፣ ከዚያ በላይ ሲሞቅ መዓዛው ይጠፋል፣ 60ን ካለፈ ደግሞ ሰፈፉ፣ ማለትም ሰሙ፣ ራሱ ቀልጦ ከማሩ ጋር ያልፍብሃል።

ካጣራህ በኋላ ከድነህ ሁለት ሦስት ቀን አቆየው። አረፋውና የሰፈፍ ብናኙ ወደ ላይ ይወጣል፣ በማንኪያ ግፈፈው። ጨርቁ ላይ የቀረውን እንዳትጥል፤ በውሃ ስታጥበው ለብርዝ ይሆንሃል፣ ሰፈፉን ደግሞ ጧፍ ሠሪዎች ይገዙሃል።