የኑሮን ቁጥር በእጅ መሣል፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ጽሑፌ የዕለት ኑሯችንን ጥቃቅን ነገሮች እየመዘገብን በእጃችን ብንሥላቸው ምን እንደምናተርፍ አንሥቼ ነበር። ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ለሌላውም አንባቢ ይጠቅማሉ ያልኋቸውን ዛሬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ በጎንደር የማራኪ ሰፈር አንድ ነዋሪ ምን ዓይነት ወረቀትና ቀለም መግዛት እንዳለባቸው ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ባለካሬ የሒሳብ ደብተርና ሦስት ባለቀለም እርሳሶች ይበቁዎታል።

ጥያቄ፦ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የሆነ ወጣት፣ ኤክሴል በደቂቃ የሚያወጣውን ግራፍ ምሽቱን ሙሉ ተቀምጦ በእጅ መሣል ኋላ ቀርነት ነው ይላል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሱቅ ሽያጭ ወይም የሺህ ሰዎች መዝገብ ከሆነ በኮምፒዩተር ሥራው፤ እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው። «ኋላ ቀር» የሚለውን ቃል ግን አልቀበልህም። ጥቁር አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዱ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1900 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የጥቁር አሜሪካውያንን ኑሮ የሚያሳዩ ሠንጠረዦችን ከተማሪዎቹ ጋር ሲያዘጋጅ በቀለምና በእጅ ሥሎ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ሌላ አማራጭ አልነበረም ትለኝ ይሆናል። እንግዲያው በእኛው ዘመን ጣሊያናዊቷ ጆርጂያ ሉፒ ከኒውዮርክ፣ አሜሪካዊቷ ስቴፋኒ ፖሳቬክ ደግሞ ከለንደን ያደረጉትን ተመልከት። ሁለቱም ዳታን በሥዕል ማሳየት እንጀራቸው የሆነ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ለ52 ሳምንታት በየሳምንቱ አንድ ነገር፣ ለምሳሌ ስንት ጊዜ ሰዓት እንዳዩ፣ ስንት ጊዜ እንዳማረሩ፣ ማንን እንዳመሰገኑ እየመዘገቡ በፖስታ ካርድ ላይ በእጃቸው ሥለው፣ በጀርባው የምልክቶቹን ፍቺ ጽፈው ይላላኩ ነበር። ካርዶቹ ዛሬ በኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። ኮምፒዩተሩን ስለማያውቁት አልነበረም ወደ እርሳስ የተመለሱት።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ የጻፉልኝ እኅት፣ ወንድሞቻቸው በየአገሩ ተበትነው እናታቸው ብቻቸውን እንደሚኖሩ፣ በአንድ ወር ውስጥ ከእናታቸው ጋር በስልክ የተነጋገሩትን ሁሉ መዝግበው 41 ሆኖ እንዳገኙት፣ በዘንግ ግራፍ ቢሥሉት ግን ምንም እንዳልነገራቸው ገልጸው፣ «ምኑን አጠፋሁ?» ይላሉ።

መልስ፦ ምንም አላጠፉም፤ የመዘገቡት ግን ስልኩን እንጂ እናትዎን አይደለም። ዘንጉ የሚያሳየው ስንት ጊዜ እንደሆነ ብቻ ነው። ማን ቀድሞ ደወለ? እናትዎ ሳይጠየቁ ያነሡት ነገር ምን ነበር? «ደኅና ነኝ» ያሉት በየትኛው ድምፅ ነው? የእኛ ወር ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው፤ 30 ቀኑ በደብተሩ ላይ አምስት ረድፍ በስድስት ሆኖ ልክ ይገጥማል። በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ጥሪውን እንደ ክር አድርገው ይሣሉት። ረጅም ወሬ ረጅም ክር ይሁን፤ እናትዎ ከደወሉ ክሩ ከላይ ይውረድ፣ እርስዎ ከደወሉ ከታች ይውጣ፤ ከተሳሳቃችሁ ይጠቅለል፣ ሌላ ያልተነገረ ነገር እንዳለ ከጠረጠሩ ይቋረጥ።

ለምን ይህን እንደምል ከራሴ ደብተር ላሳይዎት። በአንድ የሚያዝያ ወር ከጎረቤቴ ቤት የጠጣሁትን ቡና ሥያለሁ። እያንዳንዱ ቀን አንዱ ባንዱ ውስጥ ያሉ ሦስት ክቦች ነበሩት፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በረካውን ሳልጠብቅ ከተነሣሁ የውጭውን ክብ ሳልገጥመው ክፍት እተወዋለሁ፤ የተጫወትነውን ነገር ደግሞ በቀለም እለያለሁ፤ ቡናማው የገበያ ወሬ፣ ሰማያዊው ስለ ልጇ የምታወራው ነው። ወሩ አልቆ ገጹን ስዘረጋው ያልተገጠሙት ክቦች ሁሉም ለማለት ይቻላል ሰማያዊ ነበሩ። ለካስ ልጇን ባነሣች ቁጥር ሥራ እንዳለብኝ እያመካኘሁ እነሣ ኖሯል። ስኒ ብቻ ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ «በቀን ሁለት ስኒ» የሚል ቁጥር ይዤ እቀር ነበር። እጅዎ ክሩን አንድ በአንድ ሲሥል ያንን ምሽት እንደገና ማሰብ ግድ ይሆንብዎታል፤ ማሽኑ የሚያስቀርብዎት ድካም ይህን ማሰብ ጭምር ነው። ስለዚህ ሌላ አንድ ወር ይመዝግቡ፤ ሲጨርሱ ደብተሩን ይዘው ወደ እናትዎ ይሂዱና የክሮቹን ፍቺ አብራችሁ አንብቡት።

ጥያቄ፦ የአንድ እድር ጸሐፊ ለቅሶ የቀሩ አባላትን በስማቸው በቀይ ሥለው በአዳራሹ ግድግዳ ሊሰቅሉ አስበዋል።

መልስ፦ አይስቀሉት። ሰው የቀረበትን ምክንያት የማይናገር ቀይ ነጥብ ማዋረድ እንጂ መረጃ አይሆንም። የሕግ ጎኑን ጠበቃ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አንድ ልጅ የአባቱን የማለዳ የደም ስኳር ሦስት ወር ሙሉ ሥሎ፣ በጾም ቀናት መስመሩ ዝቅ እንደሚል አይቷል፤ «በእነዚያ ቀናት ኢንሱሊኑን ልቀንስለት?» ይላል።

መልስ፦ በራስህ ፈቃድ ፈጽሞ እንዳትቀንስ፣ እንዳትጨምርም። ይህን ሳትውል ሳታድር ሐኪማቸው ዘንድ ሂድ፤ ሥዕሉንም ይዘህ። ያየኸው ዝቅ ማለት አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቅ፤ አባትህም ሐኪሙን ሳያማክሩ አይጹሙ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ግራ መጋባት ካየህባቸውና መዋጥ የሚችሉ ከሆነ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ስጣቸው፤ ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳትጨምር ወደ ሆስፒታል አድርሳቸው። በሥዕሉ ላይ የበሉበትንና መርፌውን የወሰዱበትን ሰዓት ከመጠኑ ጋር ጨምርበት፤ ሐኪሙ የሚያነብልህ መስመሩ ከእነዚህ ጋር ሲቀርብለት ነው። እንዲህ አጥብቄ የምናገረው ሥዕልህን አሳንሼው አይደለም፤ በሦስት ወር ትጋትህ ሌላ ሰው ያላየውን አይተሃል።

ጥያቄ፦ መስመሬ ይጣመማል፣ ሥዕልም አልችልም የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

መልስ፦ የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ጣሪያውን ቀና ብለው ይመልከቱ። የመላእክቱ ፊት በረድፍ በረድፍ ይደጋገማል፤ ቢሆንም እጅ የሣለው ነውና አንዱ ከሌላው ጥቂት ይለያል።

ጥያቄ፦ አንዲት እናት በመሐል አምስት ቀን መመዝገብ እንደረሱ፣ በግምት ይሙሉት ወይስ ከመጀመሪያው ይጀምሩ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ያን ጊዜ ለቅሶ ላይ ነበሩ።

መልስ፦ አይሙሉት፤ እንደገናም አይጀምሩ። አምስቱን ካሬዎች ባዶ ይተዉና ከጎናቸው በትንሹ «ለቅሶ ላይ ነበርሁ» ብለው ይጻፉ።